ጨዋታችን ፊልም የሆነበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥር 18

የፊልሙ ፖስተር ደረሰ። ፊልሙን የሚሠራው ጋሼ ተፈራ ከኮምቦልቻ በቴሌግራም ላከልኝ። ስሜ አለበት። «ድርሰት፦ ይመር» ይላል፣ በቢጫ፣ ከዋናው ተዋናይ አገጭ ሥር። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፣ አየሁ፣ መለስኩ። ደግሞ አወጣሁ። የምሠራበት ሱቅ ባለቤት ትዕግስት ይህን አይታ «ሴት ያዝክ እንዴ?» አለችኝ። አሳየኋት። አጎንብሳ አየችና «ይሄ ሽጉጥ የያዘው ደግሞ ማነው?» አለች።

እኔም አላውቅም። ፊልሙ የተወሰደበት የእኛ የስልክ ጌም ውስጥ ሽጉጥ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ አዳራሽ ተይዞለት ይመረቃል። ጋሼ ተፈራ ረመዳን ሳይገባ ይታይልኝ ብሎ ነው እንዲህ የሚሮጠው። ስሙንም ቀይሮታል። የኛ ጌም «ማለዳ» ነው የሚባለው። የሱ ፊልም ስም ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ «በቀል» የሚል ቃል አለበት። ማን ማንን እንደሚበቀል ደራሲው እኔ አላውቅም።

ቢሆንም ለራሴ ደብተር አልዋሽም፤ ደስ ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስፈታና ስገጥም የምውል ሰው ነኝ። ስሜን ግድግዳ ላይ አይቼ አላውቅም።

የእንድሪስ ስም ከታች ነው፣ በደቃቅ ፊደል፣ መኪና ካዋሰው ሰውዬ ቀጥሎ። ጌሙን የሠራነው ሁለታችን ነን፤ ኮዱና ሥዕሉ የሱ፣ ታሪኩና ንግግሩ የኔ። ፖስተሩን ስልክለት አውራ ጣት ብቻ መለሰልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ጉሙ እስከ ረፋድ የደሴን ፒያሳ አልለቀቀም። ገበያ ቀዝቅዟል። ስክሪን ቀየርኩ፣ ውሃ የገባበት ስልክ ከፈትኩ፣ ፍላሽ ላይ ፊልም ጫንኩ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፊልም ሊያስጭን መጣ። «ይሄኛው የውጭ ፊልም ከጌም የወጣ ነው፣ ልጨምርልህ?» አልኩት። «ኧረ ተወኝ» አለ። «ጌሙን ጨርሼዋለሁ። ፊልሙን ግን ግማሽ ላይ ተውኩት።» ለምን ስለው፣ «እኔ ያለፍኩትን እሱ እያለፈልኝ ቁጭ ብዬ ልየው? ወንድሜ ጆይስቲኩን ነጥቆኝ ሲጫወት የማይ ነው የመሰለኝ» አለ። ሳቅኩ። ከሄደ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ሱቃችን ውስጥ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሞልተዋል። ጫን የሚለኝ ብዙ ነው፤ ተመልሶ መጥቶ «ጥሩ ነበር» ያለኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። የኛ የተለየ ይሆናል ብዬ ነበር። ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው መቼም የሚጀምረው።

የኛ ጌም ቀላል ነው። ተጫዋቹ የቅሬ ጠሪ ነው። (አዲስ አበባ ያሉት «ቅሬ ምንድነው?» እያሉ ሲያስቸግሩን «ዕድር ማለት ነው» የሚል መስመር ጨምረናል።) በሰፈሩ አንዲት እናት አለች። ልጇ ሾፌር ነበር፣ በጅቡቲ መንገድ ሞቷል። እሷ አልሰማችም። ተጫዋቹ ሰምቷል። ገና ሳይነጋ ጎረቤቱን በር በበሩ እየዞረ በቀስታ ይነግራል፣ ይሰበስባል፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሄደው መርዶውን ይነግሯታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የሚያሸንፈው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ለቅሶ ከመርዶ ከቀደመ። ለእናትየዋ ቤት የምትቀርበው ለይላ የምትባል ጎረቤት ናት፤ ሆደ ቡቡ ናት፣ ሆዷ ነገር አይችልላትም። ሰው ሁሉ ቤቷ ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ የሷን በር ያንኳኳል። እሪ ትላለች። እናትየዋ ከእንቅልፏ ትባንናለች። «ብቻዋን ሰማች» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ተጫዋቹ እንዲህ እየወደቀ ሰፈሩን ይማራል። ሸሁ ምስጢር እንደሚችሉ፣ ቄሱ ካንኳኳህላቸው ጋቢያቸውን ደርበው ሳይጠይቁ እንደሚወጡ፣ ለይላ በመጨረሻ፣ ያውም ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት መስማት እንዳለባት። ያን ጊዜ ሰፈሩ የሱ ሰፈር ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ሁሉም በሩ ላይ ይቆማሉ። «አንኳኳ» የሚል ምልክት ይመጣል። ሲጫኑት ስክሪኑ ይጨልማል። «ማነው?» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። አለቀ። በሩ አይከፈትም። የሴትየዋ ፊት አይታይም።

ጋሼ ተፈራ መጀመሪያ ሲመጣ እንድሪስ ያስቀመጠው ቃል ይሄ ብቻ ነበር። «ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው ጋሼ፤ በሩ ግን አይከፈትም።» ጋሼ ተፈራም «በእናቴ አይከፈትም» ብሎ ምሎ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ተፈራ ደወለ። ሲናገር ከጀርባው ጄኔሬተር ይንጫጫል።

«ይመርዬ፣ በሩን ልክፈተው።»

ጋሼ ተፈራ ክፉ ሰው አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ሲቀርጽ ነው ያረጀው፤ ያገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ፊልም ሲሠራ ጥር ነው፣ ሰርግ ነው ሳይል፣ ባገኘው ክፍተት ነው የሮጠው። ተዋንያኑን ከቤቱ እያበላ ነው ያሠራቸው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለዚህም ነው እምቢ ማለት ያቃተኝ እያልኩ ራሴን ለማጽናናት የሞከርኩት።

«እንድሪስ ምን አለ?» አልኩት።

«ስልኩ አይነሳም።»

እንድሪስ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ሲገቡ ስልካቸውን በር ላይ ያስቀምጣሉ። ፈረቃው እስኪያልቅ ማንም አያገኘውም። ጋሼ ተፈራ ይህን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

«ስማኝ» አለኝ። «ሰው ከቤቱ ለብሶ ወጥቶ፣ ተቀምጦ ተቀምጦ፣ መጨረሻው ላይ ጥቁር ስክሪን ላሳየው? መብራት ጠፋ ብሎ ነው የሚጮህብኝ። ስልክ ላይ ያምራል፤ አዳራሽ ውስጥ አይሆንም። ተዋናይቱ ለብሳ ቆማልኛለች። ነገ ሐርቡ ሄጄ የምቀርጸው ሰርግ አለብኝ፣ ከዚያ ወዲያ ኤዲት ነው። ደግሞ ድርሰቱ ያንተ አይደል እንዴ?»

ድርሰቱ ያንተ አይደል እንዴ። በዚች ተያዝኩ። ፖስተሩ ፊቴ ላይ መጣ፣ ቢጫው ፊደል።

«እሺ፣ ቅረጸው» አልኩት። «ለእንድሪስ እኔ እነግረዋለሁ።»

የፈረቃ መውጫው ሰዓት ደርሶ አለፈ። አልደወልኩም። ኔትወርክ የለም አልኩ ለራሴ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

እንድሪስ የረፍት ቀኑ ነው። ሳልጠራው ሱቅ መጣ። ፊቱ በርቷል። እሱ እንዲህ ሲሆን በዓመት አንዴ ነው።

«እማ ቅዳሜ እሄዳለሁ አለች» አለኝ።

እናቱን እትዬ ዘሀራን ማለቱ ነው። እትዬ ዘሀራ ጌሙን አይተውት አያውቁም። «ስለ ቅሬ ነው» ብሏቸዋል እንጂ ስለ ምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ልጃቸው ሙሄ፣ የእንድሪስ ታላቅ፣ ሾፌር ነበር። በጅቡቲ መንገድ ነው የሞተው። የጌሙ እናት ማን እንደሆነች የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ያኔ እንድሪስ ኮምቦልቻ ስለነበር ቀድሞ የሰማው እሱ ነበር። ሽማግሌዎቹ «አሁን ውጣና እናትህ ጋ ሁን፤ ግን እስኪነጋ ቃል እንዳይወጣህ፣ መርዶ ብቻውን አይነገርም» አሉት። ደሴ ወጣ። እናቱ እራት አቀረቡለት። «ሙሄ ዛሬ አልደወለም፣ ደረሰ ይሆን?» አሉት። «መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም» አለ። በላ። አጎረሱት፣ ጎረሰ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ። ያን የነገረኝ ቀን ነው ጌሙን የጀመርነው።

«አይከብዳቸውም?» አልኩት ዛሬ።

«አስቤበታለሁ» አለ። «ግን በሩ አይከፈትም አይደል? እማ ከፈለገች እኔ ነኝ ትላለች፣ ካልፈለገች የሰው እናት ናት ብላ ታልፋለች። ምርጫው የሷ ነው። ወላሂ ይመር፣ እንዲያውም ጥሩ ሳይሆን አይቀርም።»

አሁን ንገረው አልኩ በሆዴ። አንድ ደንበኛ ገባ፣ ቻርጀር ፈለገ። አሁን ንገረው። ትዕግስት ሻይ አዘዘች። እንድሪስ ሻዩን ጠጥቶ፣ ትከሻዬን መትቶ ሄደ።

የመርዶ ጌም የጻፍኩ ሰውዬ አንድ ወሬ መንገር አቃተኝ። ለሌላው «እንደገና ሞክር» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ለእኔ የሚያወጣልኝ የለም።

ዓርብ፣ ጥር 22

ከጁምዓ መልስ አገኘዋለሁ ብዬ እነእንድሪስ ሰፈር፣ ቧንቧ ውሃ ወጣሁ። እንድሪስ አልነበረም፤ ፈረቃ ተቀያይሮ ኮምቦልቻ ወርዷል። እትዬ ዘሀራ በር ላይ ተቀብለውኝ አስገቡኝ።

«ይመርዬ፣ ኸይር ነው? ፊትህ ጠቁሯል።»

«ደህና ነኝ እትዬ፣ ብርዱ ነው።»

ለነገ የሚለብሱትን አውጥተው ሰቅለውታል። አረንጓዴ ሻሽ፣ ያልተነካ። «ኮምቦልቻ ይሞቃል አይደል? ይሄ ወፍራም ይሆንብኝ ይሆን?» እያሉ እኔን ይጠይቁኛል። ቴምር አቀረቡልኝ። «ልጄ ስሙ ግድግዳ ላይ ወጣ አሉኝ። ያንተም አለ አሉ። አላህ ያሳድጋችሁ።»

ቴምሩን ዋጥኩ። ያቺን የእንድሪስን እራት አሰብኩ። እሱ ዝም ያለው ታዝዞ ነው፣ ለናቱ ብሎ። እኔ ዝም ያልኩት ለራሴ ነው። አፈርኩ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ሚኒባስ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጃኬቴን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ጋሼ ተፈራ ስቱዲዮው ውስጥ ከሁለት የሰርግ አልበም መሃል ተቀምጦ ኤዲት ያደርጋል። ዓይኑ ቀልቷል።

«አውጣው ጋሼ» አልኩት። «በሩን ዝጋው።»

ትዕይንቱን ከፈተልኝ።

መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ተዋናይቱ ጎበዝ ናት። በሩ ይከፈታል፣ ሽማግሌዎቹን ታያለች፣ ታውቃለች። ሻሿን ትጥላለች፣ መሬት ትወድቃለች፣ አፈር ትበትናለች፣ የልጇን ስም ትጠራለች። ክራር ይገባል። እኔም እንባዬ መጣ፣ ዕውነቴን ነው። ግን ያለቀስኩት ለሷ ነው፣ ለዚያች ለተዋናይቱ። ጌሙን ስጫወት የማስበው እናቴን ነበር። እዚህ ግን ፊቱ ተሰጠኝ፤ ፊቱ ከተሰጠኝ በኋላ የኔ እናት መግቢያ አጣች።

«ይቺን ካወጣኋት ፊልሙ ምን ይቀረዋል?» አለ ጋሼ ተፈራ፣ ሳይቆጣ። «የባጃጅ ሩጫና ኮንትሮባንድ።»

«መጀመሪያ ለምን ጨመርካቸው ታዲያ?»

«አንተ ሰው እየዞረ በር ሲያንኳኳ ሰዓት ሙሉ ታያለህ? እጅህ ሥራ ሲፈታ?»

እውነቱን ነው። እጅ ሥራ ሲፈታ በር ማንኳኳት ያሰለቻል።

«እስቲ አያለሁ» አለኝ ስወጣ። ስሄድ ተመልሶ ወደ ስክሪኑ ዞሯል። አያለሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ከአዳራሹ እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የኮምቦልቻ ወጣት ሁሉ፣ የተዋንያኑ ዘመድ፣ የጋሼ ተፈራ የሰርግ ደንበኞች፣ ትዕግስትም ሳትቀር። እትዬ ዘሀራ በእንድሪስና በእኔ መሃል ተቀመጡ። አረንጓዴውን ሻሽ አድርገዋል። ሞቋቸው ነበር፤ በፕሮግራሙ ወረቀት ያራግባሉ።

የመጀመሪያው ግማሽ ባጃጅ ነው። አንዱ ያሳድዳል፣ አንዱ ይሸሻል። የቅሬው ጠሪ ወጣት መልከ መልካም ሆኗል፣ ፍቅረኛም አለው። ሰው ያፏጫል። ከኋላችን የተቀመጡ ልጆች ጌሙን ያውቁታል መሰለኝ፣ «ለይላ የታለች?» ይላሉ። ለይላ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ አለች፣ ለሳቅ፣ ባልዲ ይዛ ስትወድቅ። «እንዴ ይቺን እኮ አስራ ምናምን ጊዜ ተሸንፌባታለሁ!» አለ አንዱ። «አንድ በር እንኳ አላስቸገረውም» አለ ሌላው። እውነት ነው። ፊልሙ ውስጥ ጠሪው አይሳሳትም። ሰፈሩን ከመጀመሪያው ያውቀዋል። እኛ አናውቀውም፣ መጨረሻም ላይ አናውቀውም።

እንድሪስ ዝም ብሎ ያያል። አንዴ ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ። አልተቆጣም ነበር። ገና።

ከዚያ በሩ ጋ ደረሱ። ጨልም፣ ጨልም አልኩ በሆዴ።

በሩ ተከፈተ።

እትዬ ዘሀራ ማራገባቸውን አቆሙ። ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ ወደቀች፣ አፈር በተነች። «ልጄ! ሾፌሩ ልጄ!» አለች። ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። እትዬ ዘሀራ ወደ እንድሪስ ዘንበል አሉ። ቀስ ብለው ነው የጠየቁት፣ እኔ ግን ሰማሁ።

«እንድሪስ፣ እኔ እንዲህ ነበርኩ?»

«አይደለም እማ።»

«አላስታውስም እኮ። እንዲህ ነበርኩ እንዴ?»

እንድሪስ እጃቸውን ያዘ። ፊቱን አላየሁትም፤ ማየት አልቻልኩም።

መብራት በራ። ጭብጨባ። ጋሼ ተፈራ መድረክ ላይ ወጣ፣ ላብ በላብ። ሁሉንም አመሰገነ። ከዚያ ማይኩን ወደ እኛ ዘረጋ። «የመጨረሻዋን ትዕይንት እንድሠራ የፈቀደልኝን ደራሲውን ይመርን አመሰግናለሁ! እሱ ረቡዕ በስልክ እሺ ባይለኝ ኖሮ ይህን አታዩም ነበር።» በቅንነት ነው። ጨበጨቡልኝ።

እንድሪስ አየኝ። ጮኾ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ረቡዕ?» ብቻ አለ። የሐሙሱን ሻይ እያሰበ እንደሆነ ዓይኑ ነገረኝ።

በአንድ ሚኒባስ ነው የተመለስነው። ደሴ ስንገባ ብርዱ ተቀበለን። እትዬ ዘሀራ ሲወርዱ «ደህና እደር ይመርዬ» አሉኝ። እንድሪስ አላለኝም።

እሑድ፣ ጥር 24

ለእንድሪስ ደወልኩ። አያነሳም። ጻፍኩለት፣ አይቶታል፣ አልመለሰም።

ቴሌግራም ላይ ሰው ትዕይንቱን ቆርጦ እየተቀባበለው ነው። «የዓመቱ ምርጥ ለቅሶ» ብሎ የጻፈ አለ። ከሥሩ ስሜ አለ። ጠፍቶልኝ ባየሁት።

ትዕግስት ደውላ «አይዞህ፣ ሰው ወዶታል» አለችኝ። ቀጠለችና «ለኔ ግን ጌሙ ይሻላል» አለች። «ለምን?» አልኳት። «ጌሙ ላይ ያንኳኳሁት እኔ ነበርኩ። ትናንት ሰው ሲያንኳኳ አየሁ። ሰው ሲያንኳኳ ማየትማ ከመስኮትም ይታያል።»

ቀኑን ሙሉ ይህን ሳመነዥግ ዋልኩ። ጋሼ ተፈራ ላይ ላሳብብ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። እሱ የሰጠነውን ታሪክ ነው የሠራው። ጥፋቱ ታሪኩን ነጥለን መስጠታችን ነው። የጌሙ ነገር ታሪኩ አልነበረም። ሾፌር ሞተ፣ እናቱ ተነገራት፤ ይሄ በየወሩ ወሎ ውስጥ የሚሆን ነው። የጌሙ ነገር አውራ ጣት ላይ ነበር። ተጫዋቹ «አንኳኳ» የሚለውን አይቶ የሚቆያት ያቺ ጊዜ። አንዱ ስልኩን አስቀምጦ ውሃ ጠጥቶ እንደመጣ ጽፎልን ነበር። አንዷ መጀመሪያ እናቷ ጋ ደውላ «ደህና ነሽ?» ብላ ነው የተጫነችው። ፊልም ይህን ከየት ያመጣል? ፊልም አይጠብቅህም። ተጫንከውም አልተጫንከውም በሩን ይከፍትልሃል።

ይህን ረቡዕም አውቀው ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ያላወቀ ቢያጠፋ አንድ ነገር ነው።

በፖስተሩ ላይ ስሜን ባላይ ኖሮ እሺ አልልም ነበር። እንዲህ ትንሽ ነገር ነው የገዛኝ። ተጸጽቻለሁ። ለማን እንደምነግረው ግን አላውቅም፣ የምነግረው ሰው እንድሪስ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 25

ሥራ ላይ ሳለሁ እትዬ ዘሀራ ራሳቸው ደወሉ። «ከሥራ ስትወጣ ብቅ በል» አሉኝ። «እንድሪስ አለ?» አልኩ። «አለ። ና ብዬሃለሁ።»

ትዕግስት ቀደም ብዬ እንድወጣ ፈቀደችልኝ። ቧንቧ ውሃ እስክደርስ በሆዴ ስንት ይቅርታ አሰናዳሁ።

እንድሪስ ጥግ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላም ስለው ራሱን ነቀነቀ፣ ለእናቱ ሲል። እትዬ ዘሀራ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ይቅርታዬን ጀመርኩ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እሱ አያውቅም ነበር...»

«ሰምቻለሁ፣ ሁሉንም ነግሮኛል» አሉ። «ተናድጃለሁ ይመር። አልዋሽህም። ሰው ፊት እኔን እንዲያ አድርገህ ማውጣትህ አስከፍቶኛል።» ይመርዬ አላሉኝም። «ግን ያን ብቻ ይዤ መቅረት አልፈልግም። የናንተን አሳዩኝ። እናንተ የሠራችሁትን።»

እንድሪስ «እማ፣ ይቅር» አለ። «አምጣው አልኩህ» አሉት።

ስልኩን ሰጣቸው። በአውራ ጣት እንዴት እንደሚሄድ አሳያቸው። ጽሑፉን እያነበበላቸው ሄዱ። ቅርብ ስለሆነ የለይላን በር አንኳኩ። እሪ አለች። እንድሪስ በቀጭን ድምፅ «ብቻዋን ሰማች» ብሎ አነበበላቸው።

እትዬ ዘሀራ ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ። «ይቺ ጎረቤቴ ጀሚላ አይደለችም እንዴ! አይ የናንተ ነገር! ጀሚላንማ መጀመሪያ ማን ይነግራታል? እንደገና አምጣልኝ።»

እንደገና ጀመሩ። ማንንም አልጠየቁም። ሸሁን አስነሱ። ወደ ቄሱ ቤት ሄዱ። አንዷን ጎረቤት አልፈው ሲመለሱ እኛ ስህተት ነው ብለን ነበር፤ «ልጆቿ ይነሱባታል፣ ቆይታ ትውጣ» አሉ። እኛ ያላሰብነውን እሳቸው አሰቡ። ለይላን በመጨረሻ፣ ሁለት ሴት ይዘው። ድምፅ ሳይሰማ ሰፈሩን ሁሉ በሩ ላይ አቆሙት። ማንም በሁለተኛ ሙከራ እዚያ ደርሶ አያውቅም።

«አንኳኳ» የሚለው መጣ።

«አሁን ይህን ተጫኚ እማ» አለ እንድሪስ።

ጣታቸው ስክሪኑ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«ከተጫንኩት ትነሳለች?»

«አዎ።»

«ካልተጫንኩትስ?»

«ምንም አይሆንም። እንደቆሙ ይቆያሉ።»

«እንግዲያ ይቁሙ» አሉ እትዬ ዘሀራ። ስልኩን ከጭናቸው አንስተው ትራሱ ላይ በቀስታ አስቀመጡት፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርገው። «ምን አስቸኮላቸው? ልጇ ሌሊቱን ሁሉ በሕይወት አለ ብላ ነው የተኛችው። ትንሽ ትተኛ።»

ስክሪኑ ላይ ሸሁ፣ ቄሱ፣ ለይላ፣ ሁሉም ቆመዋል። ማንም አይንቀሳቀስም። እትዬ ዘሀራ እንባቸው ይወርዳል፣ አይጠርጉትም፣ ግን ፊታቸው የቅዳሜው ፊት አይደለም። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ። ልሂድ ወይስ ልቀመጥ አላወቅኩም።

ስልኩ ጢጥ አለ። ባትሪው ሊያልቅበት ነው።

እንድሪስ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «ይመር» አለ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። «ቻርጀሩ ካንተ ጀርባ አለ። አቀብለኝ።»

አቀበልኩት።